የደጋ ማዕድና የመንፈስ ሁኔታ

ምግብ በስሜት ላይ ስላለው ኃይል የሚጻፈው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ዳርቻ አገሮች የተቀዳ ነው። ዓሣ ብሉ፣ የወይራ ዘይት ጨምሩ፣ ለውዝና አቮካዶ አይለያችሁ ይላል። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በሰሜን ወሎ ሙጃ ገበያ ወጥቶ ይህን ሸምቶ የሚመለስ ሰው የለም። ይህ መመሪያ ለግዳንና ለላስታ ደጋ ሰው የተጻፈ ስለሆነ የሚነሣው ከጓዳው ነው፦ ከገብሱ፣ ከባቄላው፣ ከምስሩ፣ ከተልባው፣ ከጓሮው ጎመንና ዶሮዋ ከምትጥለው እንቁላል። በእኔ ግምት በደጋው ቤት መንፈስን የሚያውከው የእህሉ ዓይነት ብቻ አይደለም። መቼ ተበላ፣ ከምን ጋር ተበላ፣ በተለይም ማን በላው የሚሉት ጥያቄዎች ይበልጣሉ። ሦስቱም ያለ ብዙ ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው።

ነገሩ ተራ ወሬ እንዳይመስላችሁ አንድ ጥናት ላንሣ። በአውስትራሊያ በፌሊስ ጃካ መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ታትሟል። በድባቴ የሚሠቃዩ 67 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን የምግብ ባለሙያ ለ12 ሳምንት እየመከረ አመጋገቡን አስተካከለለት፤ ለሌላው ለዚያው ያህል ጊዜ አብሮት የሚጫወት ሰው ተመደበለት። በመጨረሻ ከመጀመሪያው ቡድን 32 በመቶው ከድባቴው ወጥቶ ተገኘ፤ ከሁለተኛው 8 በመቶው ብቻ። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ አብዛኞቹም ሕክምናቸውን አላቋረጡም ነበር፤ ስለዚህ «ምግብ መድኃኒትን ይተካል» ብሎ ማውራት አይቻልም። ግን ባለሙያዎቹ በብዛት ብሉ ያሏቸውን ተመልከቱ፦ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ አትክልት። የወሎ ደጋ ገበሬ እነዚህን በገዛ እጁ ያመርታል።

ሌላም የሚወራ ነገር አለ። ስሜትን የሚያረጋጋው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር 90 በመቶ ያህሉ የሚሠራው በአንጀት ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ሆኖም የአንጀቱ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይሻገርም። ስለዚህ «ይህን ብሉ፣ ወዲያው ደስ ይላችኋል» የሚላችሁን ሁሉ በጥርጣሬ ስሙት። ምግብ በስሜት ላይ የሚሠራው ቀስ ብሎ፣ በሳምንታትና በወራት ነው።

መጀመሪያ አንድ ሳምንት ታዘቡ

ምንም ሳትለውጡ ሰባት ቀን ተመልከቱ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካላችሁ በደብተሩ ጀርባ ይጻፍላችሁ፦ ጠዋት ምን ሰዓት ላይ ምን ተበላ፣ ቡና ስንት ጊዜ ተፈላ፣ ማታ እንቅልፍ እንዴት ነበር፣ ንዴቱ ወይም ልብ የሚከብደው በየትኛው ሰዓት ነው። ሰውዬው ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ የሚቆጣ ከሆነ ቀኑን ምን በልቶ እንደዋለ እዩ። ሴትየዋ ጠዋት ከመደቧ መነሣት የሚያቅታት ከሆነ ማታ ምን እንደቀረላት እዩ።

ለመቀበል የሚከብደውም ይኼ ነው። በብዙ ቤት ባልና እንግዳ ቀድመው ይቀርባሉ፣ ልጆች ይከተላሉ፣ እናት መሶቡ ላይ የተረፈውን ትቃመሳለች። ወጡ ያለቀበት እንጀራ ይደርሳታል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ሰውነቷ ከሁሉም በላይ የሚፈልገው እሷ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል። ከዚያ «ምን ሆና ነው እንዲህ የምትነጫነጨው?» ይባላል። በሳምንቱ ትዝብት ላይ የእናትየዋን ድርሻ ለብቻው ጻፉት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እሷ ጋ ካልደረሰ የቤቱ መንፈስ አይስተካከልም፤ ቤቱን የያዘችው እሷ ናትና።

ረሃብን ከጠባይ ለዩ

እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንሰል ኪስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ቀለብ አኖራቸው። ዓላማው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራቡ ሰዎች እንዴት ማገገም እንደሚችሉ ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ የከሱት ብቻ አይደለም፦ ጨዋታ ጠሉ፣ በትንሽ ነገር ተቆጡ፣ ተከዙ፣ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ። መብላት ከጀመሩ በኋላም ጠባያቸው ወደ ነበረበት ለመመለስ ወራት ወሰደ። ወሎ ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አላስፈለገውም፤ የ1966ቱንና የ1977ቱን የረሃብ ዓመታት ያለፉ አባቶችና እናቶች ያውቁታል። ጥናቱ የሚጠቅመን ለሌላ ነገር ነው፦ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ባሉት ወራት ቤት ውስጥ ጠብ ሲበዛ፣ ሰው ሲኮራረፍ፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ ነገሩ የክፋት ወይም የስንፍና ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

ግዳን በልግን የሚጠብቅ ደጋ ነው፣ በልግ ደግሞ ይዋሻል። ስለዚህ አዝመራ እንደገባ፣ ገና ነጋዴ ሳይመጣ፣ ለክፉዎቹ ወራት የሚሆን ባቄላና አተር ለይታችሁ አስቀምጡ። ጥራጥሬው ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ሁሉንም ሸጦ ርካሽ እህል መግዛት አዋጭ ይመስላል። በሒሳብ ያዋጣም ይሆናል፤ ግን በእህል ብቻ ያለ ባቄላ የሚዘለቅ ክረምት ሰውን ያደክማል። በሴፍቲኔት ቀለብ የሚሰፈርላችሁም እንዲሁ፦ ከምትሸጡት መጨረሻ ላይ የሚሆነው ጥራጥሬው ይሁን።

በዚህ ላይ ስለ ጓያ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ድርቅ የማይበግረው ጓያ በችግር ጊዜ ብቻውን ለወራት ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፣ ያ ሽባነትም አይመለስም። በሰሜን ወሎ በደላንታ ዳውንት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ድርቅን ተከትሎ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ጉዳቱ የበረታው እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን በበሉት ላይ ነው። ሌላ ምርጫ ከጠፋ ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፉ፣ ውኃውን ድፉ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅላችሁ አቡክታችሁ ጋግሩ፤ ለልጆችና ለጎረምሶች ግን በተቻለ መጠን አትስጡ።

ጠዋትን በስኳር አትክፈቱ

ከተማ ቀመስ በሆነው ቤት ቁርስ ማለት ሁለትና ሦስት ማንኪያ ስኳር የተደረገበት ሻይና የፉርኖ ዳቦ ሆኗል። ይህ ደምን ፈጥኖ በስኳር ይሞላል፣ ፈጥኖም ያጎድላል፤ አራት ሰዓት ላይ ሰውየው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይደክመዋል፣ ይቆጣል። የስኳር ዋጋ ከባቄላ ጋር ሲተያይ ደግሞ የሚገርም ነው፤ ውድ ገዝተን መጥፎ ቁርስ እንበላለን።

በሶ እያለ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በውኃ፣ በትንሽ ጨው፣ ካለም በጥቂት ማር ወይም ቅቤ የታሸ፣ ሆድ ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ ይፈጫል፤ በገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር ስኳሩን ወደ ደም በዝግታ ያስገባዋል። ወደ ላሊበላ ለገና በእግሩ የሚጓዝ ሰው በሶ የሚሰንቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በማለዳ ለእርሻ የሚወጣ ሰው ደግሞ ገብስና ባቄላ የተቀላቀለበት ቆሎ በኪሱ ይያዝ። ባቄላው ሲጨመርበት ገብሱ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል ይሞላለታል። የገብስ ገንፎም ይሁን የትናንት እንጀራ ፍርፍር ዋናው ነገር ሰዓቱ መጠበቁ ነው፤ ከጾም ቀን በቀር ሆድን ባዶ አድርጎ እስከ ቀትር መዋል ልማድ አይሁን።

ባቄላውን አዘጋጁት፣ ቡናውን አርቁት

ደም ማነስ ያለበት ሰው የሚናገረውና ድባቴ ያለበት ሰው የሚናገረው ይመሳሰላል፦ ይደክመኛል፣ ሥራ ያስጠላኛል፣ ሐሳቤ አይሰበሰብም። የደም ማነስ ትልቁ ምክንያት የብረት ማዕድን እጥረት ሲሆን ይበልጥ የሚያጠቃውም የወር አበባ የምታይ፣ ያረገዘችና የወለደች ሴትን ነው። አራስ ሴት ዓይኗ ዕንባ ሲያቀር «የአራስ ነገር ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት ከሆነ ግን ደሟ መታየት አለበት። በእርግዝና ጊዜ ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የብረትና የፎሌት ክኒን «ያቅለሸልሸኛል» ብላችሁ አትጣሉት፤ ማታ ከምግብ በኋላ ዋጡት።

ባቄላ፣ ምስር፣ አተርና ጤፍ ብረት አላቸው። ችግሩ በውስጣቸው ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፣ ብረቱን አስሮ ያስቀረዋል። እሱን የሚፈታው አያቶቻችን የሚያውቁት ሥራ ነው። ባቄላውን ወይም ምስሩን ከማታ ጀምራችሁ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውኃውን ድፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ እስኪያጎነቁል ጠብቁት። በደጋው ብርድ ሦስትና አራት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ምድጃ አጠገብ ቢቀመጥ ይፈጥናል። ጨርቁን በየቀኑ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ ከሸተተ ጣሉት። በቆልት ሲሆን ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ በደረቁ ፍሬ ያልነበረ ቫይታሚን ሲም ይወጣበታል። ከዚያ ቀቅላችሁ ብሉት። ሊጡም እንዲሁ ነው፦ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን የቆየ እንጀራ ከዕለት ቂጣ ይሻላል። በችኮላ ቂጣ ብቻ የሚጋገርበት ቤት ብረቱን እየበላ አይጠቀምበትም።

ቀጥሎ ከማዕዱ ላይ አንድ ጥሬ ወይም ብዙ ያልበሰለ ነገር አይጥፋ። ቃሪያ ቆርጣችሁ አቅርቡ፣ ሎሚ ከቆላ ከመጣ ጨምቁበት፣ ጎመኑን እስኪጠቁር አታብስሉት። ቫይታሚን ሲ የጥራጥሬውን ብረት ወደ ደም የሚያሳልፍ ነገር ነው። ድንችም ጥቂት አለው፤ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ሲበላ ይበልጣል።

አሁን ወደ ቡናው። እንዳትቀየሙኝ፣ ቡና አቁሙ የምል ሰው አይደለሁም። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ እየተጠጣ የልብ የሚወጣበት ያ ሰዓት ለመንፈስ የሚያደርገውን የትኛውም ክኒን አያደርገውም። ብቻውን የሚቀመጥ፣ ቡና ጥሪ የማይሄድ ሰው ነው የሚያሳስበኝ። ጣጣው ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ማስቀረታቸው ነው፤ ቡና ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ያው ነው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ይህን ጉዳት አያደርስም። ስለዚህ ወይ ቡናውን አስቀድሙ፣ ወይ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት። የቡና ቁርሱ ቆሎ ሲሆን ብዙ አይጎዳም፤ የምስር ወጡና የጎመኑ ማዕድ ግን ከቡናው ይራቅ። ሌላው የምሽት ቡና ነው። የቡናው ኃይል ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው የመጨረሻዋን ስኒ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨርስ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይከፋዋል፣ ለዚህ ምስክር አያስፈልግም።

እንቁላሉ ሁሉ ገበያ አይውጣ

የኦርቶዶክስ ምዕመን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህናትና መነኮሳት እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። ጾም በራሱ ጤናን ያፈርሳል የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም፤ የጾም ማዕድ ጥራጥሬና አትክልት ስለሚበዛበት አውስትራሊያ ላይ ከተመከረው ጋር ይቀራረባል። ክፍተቱ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ቫይታሚን ቢ12። ይህ ቫይታሚን በእህልና በአትክልት ውስጥ የለም፤ የሚገኘው በሥጋ፣ በጉበት፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ነው። ሲጎድል እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ይረሳል፣ ይከፋል፣ አንዳንዴም ሰውየው «ሌላ ሰው ሆነ» እስኪባል ድረስ ጠባይ ይለውጣል።

ጉበታችን ይህን ቫይታሚን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ያከማቻል። ስለዚህ 55 ቀን የዐቢይ ጾም ብቻውን ማንንም አያሳጣውም። የሚያሳጣው በፍስክ ወራትም ሳይበሉ መቅረት ነው። እዚህ ጋ የደጋው ኑሮ ይመጣል፦ እንቁላሉ ለጨውና ለጋዝ ይሸጣል፣ ቅቤው ይሸጣል፣ በጉ ለበዓል ይሸጣል። ሰው ዓመቱን ሙሉ ሳያውቀው ጾመኛ ይሆናል። ምክሬ ይህ ነው፦ ከአሥር እንቁላል ሦስቱ አይሸጥ። ለማን እንደሚሰጥ ከፈለጋችሁ ተራው ይህን ይምሰል፦ ያረገዘች፣ የምታጠባ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ አዛውንት፣ ከዚያ ሌላው። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ስለሆነ ለመሰነቅ የተመቸ ጊዜ ነው። በግ ሲታረድ ጉበቱን ለሴቶቹና ለልጆቹም አካፍሉ። ወተት ከተገኘ አንድ ብርጭቆ የአዋቂን የቀን ፍላጎት ወደ ግማሽ ያህል ይሸፍናል።

ሕሙም፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባና ሕፃን ለመጾም እንደማይገደዱ ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች። ይሉኝታ ይዟችሁ በዝምታ ከምትደክሙ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ከጾሙ ሰዓት ጋር እንዴት እንደሚሆን ለሐኪሙም ለአባታችሁም ንገሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ሰዎች በስምንት ሰዓት ላይ የከረረ ጉዳይ አትክፈቱ፤ ሽምግልናውም ሒሳቡም ከማዕድ በኋላ ይሻላል። ስትፈቱ በደረቅ እንጀራና በሻይ ሳይሆን በሽሮ፣ በምስር፣ በሥልጆ ወይም በተልባ ፍቱ። ተልባ ለአንጎል የሚጠቅመው የኦሜጋ 3 ዘር አለው፤ ከባሕር ዓሣው ጋር እኩል ነው ብዬ ግን አልዋሽም። ቀለል አድርጋችሁ ቁሉት፣ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ውቀጡ፤ ተወቅጦ ሲቆይ ይበላሻል።

ጨው

አጭር ነው። ከባሕር የራቀ ተራራማ አገር አፈሩ በአዮዲን ይደኸያል፤ እንቅርት በደጋችን የሚታየው ለዚህ ነው። የእንቅርት ዕጢ ሲደክም ሰውም ይደክማል፣ ይበርደዋል፣ ሐሳቡ ይዘገያል፣ ይተክዛል። በኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። በማኅተም የታሸገውን ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁ፣ ወጥ ውስጥ ድስቱ ሊወርድ ሲል ጨምሩ። ሜዳ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን ለከብት አድርጉት።

አረቄ ሐዘን አይወስድም

ሰሜን ወሎ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ያየውን ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያም ወዲህ ልብ የሚያሳርፍ ጊዜ አልተገኘም። በሐዘንና በሥጋት የሚጠጣ ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፣ አላደርገውም። ግን አረቄ ለሁለት ሰዓት ያደነዝዝና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያባንናል፤ በማግስቱ ጭንቀቱን አብዝቶ ይመልሰዋል። በባዶ ሆድ ሲጠጣ ምግብንም ያስቀራል፤ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ያጣል፣ ይህም አንጎልን ይጎዳል። ለማኅበርና ለሰንበቴ የሚጠመቀውን ጠላ መተው የማይሆንላችሁ ከሆነ ቢያንስ እህል ቀምሳችሁ ጠጡ፣ ብቻችሁን አትጠጡ፣ አረቄውን ተዉ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን በአንድ ቀን ልቁረጥ ቢል ሊንቀጠቀጥና ሊጥለው ይችላል፤ እሱ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁሉንም አንድ ላይ አትጀምሩ

በመጀመሪያው ሳምንት ቡናውን ከማዕዱ አርቁ፣ ወጪ የለውም። በሁለተኛው ባቄላ መዘፍዘፍ ጀምሩ። በሦስተኛው እንቁላሉን አስቀሩ። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይታችሁ ትዝብቱን በዚያው ደብተር መልሳችሁ ያዙ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ወይም ሳታደርጉም፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ደስታ የሚባል ነገር ከጠፋ፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቀ፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ነገሩ ከምግብ በላይ ነው። በመጨረሻው ሁኔታ ሰውየውን ብቻውን አትተዉት፤ ገመድና ፀረ ተባይ መድኃኒት ከቤት አርቁ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ የሐኪሙን ክኒን ግን አያቋርጥ። ለባለሙያው የሚነገረው በግልጽ ነው፦ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ፣ እጅና እግር ይደነዝዝ እንደሆነ፣ አንገት ላይ እብጠት እንዳለ፣ ሴት ከሆነች የመጨረሻ ወሊዷ መቼ እንደነበር። ከዚያ «ደሜ ይታይልኝ» በሉ፤ ጤና ጣቢያው የማይችለውን ምርመራ ሆስፒታል እንዲልካችሁ የመላኪያ ወረቀት ጠይቁ።